ዳኞቹ ያላዩት ግፊያ

እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 1990 ዓ.ም.

የማሠለጥናት ሰላም ዛሬ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በተደረገው ሩጫ አንደኛ ወጣች። ግን ልትጨርስ ስትል ተፎካካሪዋን በክርኗ ገፍታ ስትጥላት አይቻለሁ። ዳኞቹ አላዩም። ሄጄ ነገርኳቸው። ውጤቷን ሰረዙት። አንደኛው ዳኛማ «ዓመት ሙሉ ትታገድ!» አለ።

«ይሄስ በዛ» አልኩት። «ጥፋቷን ታውቀዋለች። የሚቀጥለው ውድድር ይለፋትና ይብቃት።»

ተስማሙ።

ሰላም እያለቀሰች መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«አንቺ፣ እኔና የወደቀችው ልጅ» አልኳት።

ቆይታ ጉልበቷ ወደ ተላጠው ልጅ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ማክሰኞ ልምምድ ትምጣ፣ ትቅር አላውቅም። እኔ ግን ነገም ባይ ያንኑ እናገራለሁ።