የወ/ሮ ሩቂያ ድምፅ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

የሰኞ ፍተሻ። የደንበኞቼን ድረ ገጾች አንድ በአንድ እያየሁ ነው። የፕላስቲክ ዕቃው ደህና። የጫማው ደህና። የወ/ሮ ሩቂያ መታሰቢያ ገጽ ባዶ። ደግሜ ከፈትኩት። ባዶ። ፎቶ የለም፣ የሐዘን ቃል የለም፣ የተቀዳው ድምፃቸው የለም።

ከሞቱ ገና አራት ወራቸው ነው። ባላቸው ሐጂ ከድር እዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ጨርቅ ያከፋፍላሉ። ገጹን ያሠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ዘመድ ካለበት ሆኖ ፎቶና ቃል እንዲልክበት።

ቆይ፣ መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ።

5፡00

የለኝም። ቅጂው በየቀኑ ራሱን ከዋናው ጋር ያመሳስላል። ዋናው ሲጠረግ እሱም አብሮ ተጠረገ። እንዲያ ያዘዝኩት እኔው ነኝ፣ ቦታ ይቆጥባል ብዬ። ብልጥ መሆኔ ነበር።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

የሰርቨሩን መዝገብ አነበብኩ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ፋይል ገብቷል። ስሙ ፎቶ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ትእዛዝ ነው። ፎቶ መጫኛው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ፣ እዚያው ተነሥቶ ያገኘውን ሁሉ ጠርጓል። የፎልደሩ ፈቃድ 777። ማንም ያንብብ፣ ማንም ይጻፍ፣ ማንም ያስኬድ ማለት ነው። ማን እንዲህ እንዳደረገው ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ? እኔ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር። ዘመድ ፎቶ ሊልክ ይሞክራል፣ ሰርቨሩ እምቢ ይላል። የሐጂ ስልክ አላርፍ አለ። ጂዳ ያሉት የወ/ሮ ሩቂያ እኅት እያለቀሱ ይደውላሉ። ሐጂ ወደኔ ወጥተው፣ የለቅሶ ቤት በር ተዘግቶ ያውቃል ወይ አሉኝ። ትክክለኛው ሥራ የፎልደሩን ባለቤትነት ለድረ ገጹ ብቻ ሰጥቶ ለሌላው መዝጋት ነው። ጊዜ ይወስዳል። 777 ግን አንድ መስመር ናት። ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ እዘጋዋለሁ አልኩ። አልዘጋሁትም። ረሳሁት።

ከሰዓት 10፡30

ከአሱር ሶላት በኋላ መጡ፣ እንደ ሁልጊዜው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። የሩቂያን ድምፅ ክፈቺልኝ አሉ። ስልክ ላይ መክፈት አይሆንላቸውም፤ ልጆቻቸው ደግሞ ድምፁን ሲሰሙ ሆድ እየባሳቸው አልቻሉም። ስለዚህ በየቀኑ እኔ ጋ ይመጣሉ። ቅጂው አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። የቀዳችው ልጃቸው ናት፤ ስልኳን አውቶቡስ ተራ ነጥቀዋታል። ሌላ የትም የለም።

ኔትወርክ የለም አልኳቸው። ግድ የለም፣ ነገ ብለው ወረዱ። ውሸታም ነኝ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አስተካከልኩት። ፎልደሮቹ 755፣ ፋይሎቹ 644፤ ከእንግዲህ ከድረ ገጹ በቀር ማንም አይጽፍባቸውም። መጫኛው ውስጥ ምንም ፕሮግራም እንዳይነሣ ከለከልኩ። የሚላከው ፋይል ስሙ ሳይሆን ውስጡ ይፈተሻል። ቅጂውም የየቀኑ ለየብቻ ይቀመጣል። ሁሉም አርባ ደቂቃ ፈጀ። በቃ አርባ ደቂቃ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሐጂ መጡ። ዛሬም ኔትወርክ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አለ ቢሉኝ ሄድኩ። የተከራየሽው ሰርቨር ነው፣ ዲስኩን ካላመጣሽልኝ ምን ልሥራልሽ አለኝ። አከራዮቹ ጋ ደወልኩ። ቦታው ላይ ሌላ ተጽፎበታል አሉ። አበቃ።

ስመለስ ጭድ ተራ ላይ አንድ ተሸካሚ ፍራሽ ቆልሎ ዞር በሉ ሲል አልሰማሁትም። ገፍቶኝ አለፈ። ደግ አደረገ።

ሐጂ ዛሬ ብርቱካን ይዘውልኝ መጡ። ኔትወርኩ አሳስቦሽ ከሳሽ እኮ አሉ። ወይ ጉዴ። ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መብላት አልቻልኩም።

ጥቅምት 14፣ አርብ፣ ከሰዓት 11፡15

ነገርኳቸው። ክፍት ትቼው ሌባ ገባ፣ ድምፃቸው ጠፋ፣ አይመለስም፣ የኔትወርኩም ነገር ውሸት ነበር አልኩ። ይቆጥሩት የነበረውን ሙስበሃ ኪሳቸው ከተቱ። ክፈቺው ያልኩሽ እኔ ነኝ አሉ። እርስዎ እንግዳ ይግባ ነው ያሉት፣ ሳልዘጋ የተውኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስንት ቀን ሆነው? አሉ። አሥራ አንድ አልኩ።

«ሌባውን አፉ ብያለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ልጄ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ደረጃ አስወጣሽኝ።»

ሦስት ፎቅ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አውቃለሁ። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። ስሰማው እንባዬ እየቀደመኝ ግማሹን እንኳን አልያዝኩትም፣ አንቺ ግን በየቀኑ አብረሽኝ ሰምተሻል፤ ያለችውን ጻፊልኝ አሉ። ነገ ጽፌ ሱቅዎ ድረስ አመጣለሁ፣ እርስዎ አይውጡ አልኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡40

እዚህ ልጻፈውና ገልብጬ እወስድላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ወ/ሮ ሩቂያ፣ ምንድን ነው እሱ፣ እየቀዳሽኝ ነው እንዴ አሉ። ሳቁ። ከኋላ ውሃ ይፈሳል፣ ዕቃ እያጠቡ ነው። አባትሽ ሹራቡን ሳይለብስ እንዳይወጣ፣ ጠዋት ይበርዳል አሉ። ትንሽ አሳላቸው። ከዚያ ባላቸው የገቡ መሰላቸው፣ ከድር ብለው ተጣሩ። ሐጂ አላሉም፣ ከድር ብቻ። ከዚያ ለእሳቸው አንድ ነገር አሉ። አጭር ናት፣ ሦስት ቃል ብትሆን ነው። እዚያ ጋ ሲደርስ እኔ ሁልጊዜ የደንበኛ መልእክት እየመለስኩ ነበር፤ ቃሎቹን አልያዝኳቸውም።

ከድር አሉ። ከድር፣