ስለ ሁለተኛው አውሮፕላን ማረፊያና ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር ማንጎ

ሰኔ 1992 ዓ.ም.
አሶሳ

ለሁለተኛው አውሮፕላን ማረፊያ ጥናት ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በግንቦቱ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ድምፅዎ ሲዘጋ አይቼ አዝኜ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻዎን ስለተናገሩ መሆኑን አውቃለሁና፣ እግዚአብሔር ለጉሮሮዎ ፈውስን፣ ለጆሮዎም ጥቂት ሥራን እንዲሰጥልኝ በጸሎቴ አስብዎታለሁ።

እኔ አንለይ የምባል፣ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ መጥቼ በአምባ አሥራ ስምንት የምኖር፣ ሚስቴ የሞተችብኝ ገበሬ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ዳዊት ግን እደግማለሁ። ከአጻጻፌ ስሕተት ቢያገኙ በልማት ላይ የተቃጣ ነው ብለው እንዳይመዘግቡብኝ አደራ እላለሁ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1978 አምባችን ሲመነጠር የጓድ መሪ ነበርኩ። ከአምባው በስተምሥራቅ የአገሩ ነባር የበርታ ሰዎች መቃብር ነበረ፤ ባለቤቶቹ ከዚያ እንዲነሡ ከተደረጉ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። ድንጋዮቹ ራስጌና ግርጌ ሆነው፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ቆመው አይቻለሁ። ድንጋይ በራሱ አይሰለፍም፤ ይህን ለማወቅ አራተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ትራክተሩን የሚያስነዳው ካድሬ «እዚያ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን «ድንጋይ ብቻ ነው» አልኩት። ትራክተሩም ገፍቶ ወደ ገደሉ ከተታቸው። ፈርቼ ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ክረምቱ ሳይገባ ቤት ለመሥራት ስለቸኮልኩ ነው። ትራክተሩ ከሳታቸው ድንጋዮች ሁለት ጠፍጣፋ መርጬ ወሰድኩ፤ አንዱን የደጄ መርገጫ፣ አንዱን የልብስ ማጠቢያ አደረግሁ። ሸዋሉል፣ ሚስቴ ናት፣ «ይህን የመሰለ ድንጋይ ከየት አገኘህ?» ብትለኝ «ከወንዝ» አልኳት። አመሰገነችኝም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ አስቀደስኩ፤ ለነፍስ አባቴ ግን ይህችን አንዲት ነገር አልተናገርኩም። ንስሐ ልገባ እሄድና የምላሴን ክፋት፣ የጎረቤት ቅናቴን ተናዝዤ እመለሳለሁ። የምመለሰው ደግሞ ያንኑ ድንጋይ ረግጬ ነው።

ይህን የነገርኩዎ ንስሐ እንዲሰጡኝ ብዬ አይደለም። የሚከተለውን የሚጽፍልዎ ሰው በሙያው ቀደም ብሎ የሠራበት እንጂ እንግዳ አለመሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው።

እንግዲህ አንደኛ፣ ከተማችን ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚያስፈልጋት ስላሰባችሁላት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አንደኛው ሞልቶ መቆሚያ እንደጠፋበት እኛ አላስተዋልንም ነበር። እኛ የምናውቀው አውሮፕላን ሊወርድ ሲል ከብት ከሜዳው የሚያባርረውን ሰውዬ ነው፤ እርሱንም አብዛኛውን ቀን የምናገኘው ጥላ ሥር ተጋድሞ ነው። ባለሙያችሁ በሰቀለው ካርታ ላይ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የምትኖረው አሶሳ ሕንጻዋ በሰማያዊ፣ መንገዷ በቢጫ ተቀብቶ አየሁና ራሴን ወቀስኩ። ከዓባይ ማዶ ያለው የቡለን ገበሬ ለአንዲት ጉዳይ ወደ ክልሉ ርእሰ ከተማ ለመምጣት በሌላ ክልል ዞሮ ስንት ቀን እንደሚንገላታ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከእንግዲህ መኪና እየጠበቀ ወደ ሰማይ ቀና ሲል በአንድ ፈንታ ሁለት አውሮፕላን ያያል። የመንጌ ወረዳ እናቶችም ከወንዝ አጥበው በጨርቅ የሚቋጥሯት የወርቅ ብናኝ በአውሮፕላን እንደምትጫን ተነግሯቸዋል። ብናኟን ስንት ሰው ተሸክሞ እንደሚያሳፍራት ለማየት ያብቃን።

ሁለተኛ፣ የጥናት ቡድናችሁ በሚያዝያ ወር መጥቶ በማንጎዎቻችን ጥላ ሥር ስላረፈ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ስለ ማንጎዎቹ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወባው ሲጨርሰን ቤተ ክርስቲያንም ቅጥርም አልነበረንም፤ ሬሳችንን ከአምባው በስተምሥራቅ፣ ከዚያው ከተገፋው ሜዳ ዳር ቀበርን። ለምልክት የሚሆን ድንጋይ ግን ታጣ። ሰዉ ቀዩን አፈር እየዞረ «ይህ ምን ዓይነት አገር ነው፣ እንዴት አንድ ደህና ድንጋይ ይጠፋበታል?» ይል ነበር። እኔ ግን ድንጋዮቹ ወዴት እንደተገፉ አውቅ ነበር። በኋላ አገኘሁሽ የምትባል ጎረቤቴ በሕፃን ልጇ ራስጌ የማንጎ ችግኝ ተከለች፤ ከዚያ ሁላችንም ተከልን። ሸዋሉል በ1981 ስታርፍ የእሷን እኔ ተከልኩ። አርባ አንድ ናቸው። ፍሬያቸውን ለገበያ አናወጣም፤ ከዛፉ የቀጠፈ ሰው ሁሉ ከመግመጡ በፊት «ነፍስ ይማር» ይላል። የአምባው ሕፃን እንኳ ፍሬውን የሚበላው ይህን ብሎ ነው።

ቡድናችሁ ይህን ሳይል በላ። አላወቁም፤ ባለማወቅ አልፈርድም። የነገራቸው ሰው ግን ነበረ፤ አገኘሁሽ ራሷ ሮጣ ሄዳ «ልጆቼ፣ ይህ መቃብር ነው» ብላቸዋለች። አንደኛው አፉን እየጠረገ «እማማ፣ መቃብር ድንጋይ አለው» ብሎ መለሰላት። በልቶ ሲጨርስም ዘሩን ከእግሯ ሥር ጣለና በመዝገቡ እንዲህ ብሎ አሰፈረ፦ «ማንጎ ብቻ ነው፤ አርባ አንድ እግር፤ ጤናማ፤ ጣዕሙ ጥሩ።» ለጣዕሙ ስለሰጣችሁት ምስክርነት በሸዋሉል ስም አመሰግናለሁ። ከዚያም በየግንዱ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። እኛን በአምባ ቁጥር አስፍረውን ነበር፤ አሁን ሙታናችንም ቁጥር አገኙ። ባለቤቴ አሥራ ሰባት ናት።

ሦስተኛ፣ በስብሰባው ላይ ስለነበረው ዴሞክራሲ። አገኘሁሽ ተነሥታ «ጌታዬ፣ አውሮፕላኑ የሚወርደው በልጄ ላይ ነው ወይስ በጎኗ?» ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ገንቢ ጥያቄ ነው፣ ተይዟል» አሉ። የት እንደተያዘ እስከ ዛሬ አልተነገረንም፤ አገኘሁሽ ግን በየሳምንቱ ቢሮዎ ደጃፍ እየመጣች «ጥያቄዬ ተፈታ?» ትላለች። ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሮውም ማኅተሙም ስለበዛልን የምትጠይቀው በር አላጣችም።

እዚያው ስብሰባ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ማህጁብ ነበር። ማህጁብ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የበርታ ሰው ነው፤ በአረምም በአጨዳም ስንረዳዳ ኖረናል። አባቱ የተቀበረው እኔ «ድንጋይ ብቻ ነው» ባልኩበት ቦታ ነው። ይህን ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ባለሙያችሁ «መሬቱ ባዶ ነው፣ ማንጎ ብቻ ነው ያለበት» ሲል ማህጁብ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ ሳቀ። «ያ አንለይ፣ የኔ አባት ጊዜ ‹ድንጋይ ብቻ ነው› አሉ። አሁን ያንተ ሚስት ‹ማንጎ ብቻ ነው› አሉ። ወላሂ፣ እኔ ስሞት ምን ይሉኛል? ‹ጭቃ ብቻ ነው› ይሉኛል?» ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አራተኛ ስለ መንገዱ አቧራ ነበረኝ፤ ተውኩት።

አምስተኛ፣ እኔን ያለ ጥያቄዬ የአገር ሽማግሌ ስላደረጋችሁኝ ክብሩን እንዴት እንደምሸከመው አላውቅም። የላካችሁልኝ ቅጽ ደርሶኛል። ሦስት ሽማግሌዎች ይፈርሙበታል፤ ሁለቱ ፈርመዋል፤ የእኔ ሲጨመር ቦታው ነጻ ነው ተብሎ ክረምቱ ሳይገባ ምንጣሮ ይጀመራል። ክረምቱ ሳይገባ የምትለዋን ቃል ሳነብ የድሮ ወዳጅ ያገኘሁ መሰለኝ። በቅጹ ላይ «በቦታው ላይ የሚገኝ» ከሚለው ሥር ቤት፣ አጥር፣ ጉድጓድ፣ ዛፍ የሚሉ ሣጥኖች አሉ። መቃብር የሚል ሣጥን የለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሞት የሚባል ነገር ያልደረሰበት ቤተሰብ ልጅ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያቆይለት። ከሣጥኖቹ በታች ግን «ሌላ» የሚል አንድ ባዶ መስመር ቀርቷል፤ ምናልባት አሳታሚው ረስቶት ይሆናል።

ቅጹን ያመጣልኝ መልእክተኛችሁም ከፈረምኩ በመጀመሪያው በረራ ላይ በመስኮት በኩል እንደምቀመጥ ቃል እንደገቡልኝ ነግሮኛል። ክቡር ሆይ፣ ከመስኮቱ ወደ ታች ሳይ ምን እንዳይ ነው የታሰበልኝ? አስፋልቱ ከሸዋሉል ደረት ላይ ይጀምር ወይስ ከእግሯ፣ እሱን እንድለይ ነው?

እናንተን ለመጥላት ብዙ ሞክሬ ተሳክቶልኛል። ማታ ዳዊቴን ስዘረጋ ግን «ማንጎ ብቻ ነው» ያለው ልጅ ፊት ይመጣብኛል፤ ባየሁት ቁጥር እኔን ይመስላል። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ቸኩዬም ነበር፣ አለቃም ነበረብኝ። በመጨረሻ ባለፈው እሑድ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ባለቤቱ ወንዝ ማዶ አይደለም?» አሉኝ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ለምትኖረው አሶሳ መልካሙን ከልብ በመመኘት፣ ለካርታችሁ ቀለም እንዳያልቅባችሁ በመጸለይ፣ ቡድናችሁ ዳግመኛ ሲመጣ የሚበላው ከሌላ ዛፍ እንዲሆን በትሕትና በመለመን፣ ከጫማዎ ሥር ያለውን መሬት በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

አንለይ፣ የአምባ አሥራ ስምንት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአምባው ሕዝብ በሙሉ፤
ለአርባ አንዱ የማንጎ እግሮች፣ በተለይ ለቁጥር አሥራ ሰባት።

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦

መቃብር ድንጋይ አለው ስላላችሁ አላሳፈርኳችሁም። ትናንት ጠዋት የደጄን መርገጫ በዶማ ፈንቅዬ አወጣሁት፤ ደጄ አሁን ጉድጓድ ሆኗል፤ ስወጣ ስገባ ያደናቅፈኛል፤ ይሁን። ማጠቢያውንም አነሣሁ። ሁለቱንም በአህያ ጭኜ ማህጁብ ደጅ አወረድኳቸውና ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ ትራክተሩንም፣ ካድሬውንም፣ ያልኩትንም ቃል። ማህጁብ ድንጋዮቹን አገላብጦ አያቸው። ማጠቢያው ሸዋሉል ሦስት ዓመት፣ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ስላጠብንበት ለስልሷል። «ይሄ የአባቴ አይደለም» አለኝ። «ይሄም አይደለም። የማን ነው፣ አላውቅም።» ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። ከዚያ አንዱን ድንጋይ ብድግ አድርጎ በትከሻው ተሸከመና «አንተ ያንን አንሳ፣ እንሂድ» አለ።

ከማንጎው ረድፍ ጎን፣ በድሮው አቅጣጫቸው አቆምናቸው። እሱ ፋቲሃ ቀራ፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ከአሥራ ሰባት ቁጥር አንድ ማንጎ ቀጥፌ ሰጠሁት፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ በላ።

ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ሣጥኖቹን አልነካሁም። «ሌላ» በሚለው መስመር ላይ፣ ባለሙያዎቻችሁ እንዳይቸገሩ በጉልህ ፊደል፣ «ሰው ብቻ ነው» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ።