ለልጄ እህት፣ ስለ ልብሽ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? በሰው አገር ያሳደገችሽ እናትሽ እግሯን ተሻላት? እኔ መኖር ከተባለ አለሁ። ይህን ተርጉሞ ለሚያነብልሽ ሰውም ሰላምታዬ ይድረሰው። ቀድሞ በእኔና ባንቺ መካከል አስተርጓሚው ወንድምሽ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ማክሰኞ ዕለት ድንች ስልጥ፣ ወንድምሽ የሚሠራበት የብየዳ ቤት አለቃ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ያ ዝንጉ ዛሬ ደግሞ ምን ረስቶ ላከህ ብዬ ቀለድኩበት። ሰውየው መሬት መሬት እያየ፣ ብረት ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ አለኝ። ልጄ፣ ወንድምሽ ሞተ። አለሳልሼ መጻፍ አልሆነልኝም።

በማግስቱ በሱ ስልክ በቪዲዮ ደወልኩልሽ። እሱ መስሎሽ እየሳቅሽ አነሳሽው። ባንቺ ቋንቋ ከሰላምታ በቀር ምን አውቃለሁ? አለቀስኩ። ግራ ቢገባሽ ልጆችሽን አመጣሽልኝ፤ እጃቸውን እያወዛወዙ ሳቁልኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ዘጋሁት።

ለቅሶ የመጣች አንዲት ጎረቤቴ፣ መቼም ከሆድሽ አልወጣ፣ ቶሎ ይቀልልሻል አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ሕመሙ የልብ ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በደም ይወርዳል አለኝ። የአንድ እናት ልጅ ካለችው፣ ምንም ባይሰማትም ሳትውል ሳታድር ትመርመር ብሏል። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ።

አምና ደረቱን ሲያፍነው አብረነው ሄደን ነበር። ያን ጊዜም ሐኪሙ፣ በቤተሰቡ የልብ ሕመም ያለበት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔና አባቱ አፋችንን ሳንከፍት ወንድምሽ ቀደመን። የኛ ቤት ሰው በልብ አይታማም፣ አያቴ ዘጠናን አልፋ ዛሬም ከምራቷ ጋር ትጣላለች አለ። ምራቷ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። የኛ ቤት ሲል ደስታ ፊቴን አጋለው። ዕድሜ ልኩን ልጃችን ነህ ስንለው ኖረን፣ አይ፣ ደምህ ሌላ ነው ብዬ በምን አፌ ልናገር? የጨጓራ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ብንናገር ይድን ነበር ወይ ብዬ አሁን ብጠይቀው፣ ሐኪሙ እኔ እንጃ አለኝ።

እንግዲህ ስለ ቤተሰብሽ ሲጠይቁሽ ያሳደገችሽን እናት ጤንነት እንዳትቆጥሪ። ወንድሜ በዚህ ሞቷል በያቸው፤ ልጆችሽንም አሳዪያቸው። እናትሽ ትቀየመኝ ይሆናል፤ ትቀየመኝ። እርስዎ የሚያነቡላት ሰው፣ የሐኪሙን ቃል እንዳያለዝቡብኝ አደራዎን። ከዚህ ሆኜ እጇን ይዤ ልወስዳት አልችልም።

አባቱ ሰላም ይልሻል። አያቱ ገና አልተነገራትም፤ ማን ይንገራት? ባለቤትሽን፣ ትልቁን ልጅሽን፣ ትንሿንም ሳሚልኝ። እናትሽን እንደ እህቴ አቀፍኩሽ ብላለች በያት። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ስለ ልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ።

ከወንድምሽ ቤት
ከቀበርነው በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ