በትኬት መስኮቱ ላይ ስለ ተለጠፈው ፎቶዬ

ለክቡር አቶ ዲበኩሉ
የ«ሳቅ በሳቅ» የቤተሰብ መዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሣር ሳይቀምሱ ቀኑን ሙሉ ለሚሽከረከሩት የፕላስቲክ ፈረሶችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። በእናቴ ቋንቋም አካም ጅርቱ ብዬ እደግመዋለሁ፤ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ጤና በአንድ ቋንቋ ብቻ ተመኝቶ አይበቃም።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው ምድር እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልተፈጠረም። እርግጥ ነው፣ ከማታ ትምህርት ከወጣሁ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው፤ አብሮኝ የተማረው ግንበኛው መርዳሳም በእጅ ጽሕፈት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ከፉከራዬ ግማሹን መልሼ ወስጃለሁ። የቀረው ግማሽ ግን ለእርስዎ ይበቃል።

ጉተማ እባላለሁ፤ ባለጋሪ ነኝ። መምህራችን ወይዘሪት ገላና የቤት ሥራ የሚሰጡን በደብተር ሳይሆን በመንገድ ነበር፤ ወደ ቤታችን ስንሄድ ያገኘነውን የሱቅና የግድግዳ ጽሑፍ ሁሉ እያነበብን እንድንሄድ ያዙን ነበር። እኔም ከፋርማሲው ጀምሬ ጎሚስታውን፣ ከጎሚስታውም ሥጋ ቤቱን አንብቤ ስጨርስ ከእርስዎ ትልቅ ሰሌዳ ደረስኩ። «ከጨቅላ እስከ አያት ሁሉም ይሳፈር» ይላል፤ ከጽሑፉም ጎን አንድ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። አዲስ አንባቢ ደግሞ ያነበበውን ያምናል። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ባለቤቴ ጂቱ ዱከም ባለ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት ሚኒባሱ አድርሷት ስትገባ እኔ የሰባት ወር ልጃችንን ሌንሳን አዝዬ እወጣለሁ፤ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ልጅቷም ጥርስ እያወጣች ስለምታለቅስ፣ እናቲቱ እንቅልፍ የምታገኘው እኛ ከቤት ስንጠፋላት ብቻ ነው። ሌንሳ የምትተኛው ሲያወዛውዟት ነው። በጋሪዬ እንዳላወዛውዛት ደግሞ ፈረሴ ቦራ በዚያ ሳምንት እግሩን አሞት ቆሟል። ሰሌዳዎ ትዝ አለኝና ወደ እርስዎ መጣሁ። ቅሬታዬንም እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በር ላይ ጥበቃው ጃዕፈር ጀርባዬን አይቶ «ኦቦ፣ ያንን ጓዝ አውርደህ ዕቃ ማስቀመጫ ስጥ» አለኝ። አልፈርድበትም፤ በከተማችን አንቀልባ የታጠቀ ወንድ ስላላየ ወይ ሩብ ኩንታል ጤፍ ወይ የተሰረቀ ዕቃ መስሎታል። ዕቃ ማስቀመጫ ያለችው ሶፊም ከስልኳ ቀና ሳትል ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ አቀበለችኝና «እላዩ ላይ እሰረው» አለችኝ። ይኼኔ ጓዙ አለቀሰ። ሶፊ ደንግጣ «ውይ በሞትኩት፣ እናቷ የት ሄዳ ነው?» አለች። ይህንኑ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ካገኘኋቸው ሠራተኞችዎ ሁሉ ስለሰማሁት፣ ሠራተኞችዎን በአንድ ቃል እንዲናገሩ አድርገው በማሠልጠንዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰው ወደ ሰማይ የሚወረውረው ዥዋዥዌዎ አጠገብ አልደረስንም፤ እኔ ራሴ ከሩቅ አይቼው ዞሬ አለፍኩ። የተሳፈርነው ከሚሽከረከሩት ፈረሶች ኋላ ባለችው ጋሪ መሳይ መቀመጫ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ኖሬ እኔ በጋሪ ስሳፈር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኤባ ራሱ «ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ አጥብቀህ ያዛት ብቻ» ብሎ አስገባን። አንቀልባውን ወደ ደረቴ አዙሬ በሁለት እጄ አቀፍኳት። ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ቦራ በሚያነክስበት ሳምንትም ቢሆን ይቀድመዋል። ጥቂት እንደዞርን ሌንሳ ተኛች። እኔም እንዳልቀሰቅሳት ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴን የሚያውቁኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አያምኑም።

ሦስተኛ፦ እርስዎ በዚያች ሰዓት በድምፅ ማጉያ «ያ ሕፃን የያዘው ሰውዬ ይውረድ» አሉ። ማሽኑ ቆመ፤ ልጅቷም ለደኅንነቷ ሲባል እየጮኸች ነቃች። ስሜንና ሥራዬን ተናግሬ ደንቡ የት እንደተጻፈ በአክብሮት ብጠይቅዎ፣ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት «አንተ ብታየውስ ታነበዋለህ?» ብለው በዚያው ማጉያ መለሱልኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የዚያ ጥያቄዎ መልስ ነው። የዘገየሁት ቃላት እየመረጥኩ ስለነበር ይቅርታ ይደረግልኝ።

አራተኛ፦ በማግስቱ ከካሜራዎ የወጣ፣ አፌን የከፈትኩበት ፎቶዬ በትኬት መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከሥሩም «ጉተማ የተባለ ባለጋሪ ሕፃን ልጁን ለአደጋ ስላጋለጠ እንዳይገባ ተከልክሏል። ለልጁ የማያስብ አባት ለሌሎች መማሪያ ይሁን» ይላል። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ስሜን ታትሞ ያነበብኩት እዚያ ነው። በአገራችን ሰው ስሙ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ ወይ መሾም ወይ መሞት ነበረበት፤ እርስዎ ሁለቱንም ድካም አስቀሩልኝ። ባለቤቴም ከሚኒባስ ወርዳ በዚያው በኩል ስለምታልፍ በየጠዋቱ ታነበዋለች፤ አንብባ ስለ እርስዎ የምትለውን ግን ይህ ወረቀት አይችለውም።

አምስተኛና አጭሩ፦ በሰሌዳዎ ላይ ያለው ሕፃን ዛሬም ፈረሱ ላይ ነው። ማንም አልያዘውም። አባቱ የት እንደሆነ፣ የአባቱስ ፎቶ ለምን በመስኮቱ እንዳልተለጠፈ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በላይ እንዳላደክምዎ ወደ ሐሳቤ ልግባ። ሕፃን እንዳይሳፈር ደንብ ካለዎት ሰሌዳዎን አውርደው ደንቡን ይስቀሉት፤ እኔም ቆሜ አንብቤ፣ ልጄን አዝዬ በሰላም እመለሳለሁ። «ለልጁ የማያስብ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ይህን ቃል ሊጽፍ የሚችለው ልጅ በደረቱ ላይ አስተኝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቦራ ድኗል። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱ ከነበረበት ካልተነሳ፣ ሌንሳን አዝዬ ከበርዎ ውጭ በመንግሥት አስፋልት ላይ እቆማለሁ፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሰሌዳዎን፣ ቀጥሎ ማስታወቂያዎን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። እስኪገባቸው እደጋግመዋለሁ። ማጉያ አያስፈልገኝም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በገበያ መሐል «ዞር በል» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

እርስዎን በድምፅ ብቻ የማውቅዎ፣ እርስዎ ግን በፎቶ በደንብ የሚያውቁኝ፣ ለፈረሶችዎ ከልብ የማዝን አክባሪዎ፣

ጉተማ
ባለጋሪ፣ የሌንሳ አባት

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ገላና፣ የተሳሳትኩት ካለ በቀይ እንዲያርሙልኝ
ለነጩ የፕላስቲክ ፈረስ፣ እንዲያውቀው

ሳልረሳው፦ ከላይ ከጻፍኩት ውስጥ አንዷ ነገር ፈጠራ ናት። ጂቱ ማስታወቂያውን አላነበበችውም፤ ማንበብ አትችልም። የተለጠፈ ዕለት ጠዋት ከሚኒባሱ ስቀበላት ፎቶዬን አይታ ቆመችና ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። እኔም ጣቴን በመስታወቱ ላይ እያስኬድኩ «ልጁን ከጀርባው የማያወርድ አባት ለሌሎች ምሳሌ ይሁን» ብዬ አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ ያደረችበት ድካም ሳይለቃት፣ በየጠዋቱ መስታወትዎን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ነው የምታልፈው። በመጪው ወር ግን ፈረቃዋ ወደ ቀን ይዞራል፤ ለማታ ትምህርትም ተመዝግባለች፤ የወይዘሪት ገላናን የቤት ሥራ ደግሞ አሁን እርስዎም ያውቁታል። እንግዲህ ወይ ወረቀቱን ያንሱት፣ ወይ እኔ ያነበብኩላትን ይጻፉበት። ሁለተኛውን ከመረጡ ፎቶው እንዳለ ይቆይ፤ ጂቱ ወዳዋለች።