ወፍጮው ሲፈጭ ነበር

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ ጋር ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ከዓረብ አገር ይዘሽው የመጣሽው የወገብ ሕመም ቀለል አለሽ? አክስቴስ እብናት ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው። መቀመጥና መተኛት ግን እምቢ ብለውኛል። ጀምሬ ስቀድ ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ አንቺ ዘንድ ሐሙሲት ድረስ መጥቼ እንዳልነግርሽ ደግሞ ዓይንሽን ፈራሁ።

ነገሩ ሰኞ ክፍል ውስጥ ተነሣ። አብረን ስንማር እንቅልፍ ያመጣብሽ የነበረውን ትምህርት አሁን እኔ አስተምረዋለሁ፤ የኮምፒውተር አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ከተጠቃሚ ሞድ ወደ ከርነል ሞድ እንዴት እንደሚሻገር። ተማሪዎቼን የማስረዳቸው በአያታችን ጎተራ ነው። እህል የፈለገ እጁን አይከትም፤ አያታችንን ይጠይቃል፣ እሳቸው ሰፍረው ይሰጡታል። ተራ ፕሮግራምም ዲስኩን በገዛ እጁ አይነካም፤ ይጠይቃል። ያኔ ፕሮሰሰሩ የደረሰበትን ቦታ ይይዝና ወደ ከርነል ሞድ ይሻገራል፤ አዛዡ ፕሮግራም፣ ከርነሉ፣ ጥያቄውን መርምሮ ይፈጽምና ወደነበረበት ይመልሰዋል። ያልተፈቀደለትን ልንካ ያለ እሱ ብቻ ይቆማል፤ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ስናገር ውቢት የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ከርነሉ ውስጥ የገባው ራሱ ቢሳሳትስ ማን ያስቆመዋል አለችኝ። ማንም፣ አልኳት፤ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

እህቴ፣ የመመረቂያ ሥራሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሥራሽ የጠፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው አስረክቦ ጨርሷል፤ አንቺ ግን አክስቴን ስታስታምሚ እብናት ከርመሽ ዘግይተሻል። እኔ ቴክኒሻኑ ደሳለኝ አምኖ በሰጠኝ የይለፍ ቃል፣ የሠራሁትን ፕሮግራም ዋናው ኮምፒውተር ከርነል ውስጥ ልጭን ነው። በተጠቃሚ ሞድም ይሠራ ነበር፤ ግን በየጥያቄው መሻገርና መመለሱ ጊዜ ይበላል፣ እኔ ደግሞ ፈጣን ነው እንዲባልልኝ ፈለግሁ። አንቺ የመጨረሻውን ገጽ እያስቀመጥሽ ነበርና «ትንሽ ታገሺኝ» አልሽኝ። አልታገስኩሽም። ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ስናስነሣው ሥራሽ ሁሉ ያለበት ዲስክ አልነበብ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ አፈሰስኩ፣ ለቃሚዋ አንቺ ሆንሽ።

ደሳለኝ መጥቶ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። «መብራት ሄድ መለስ ብሎ ነው» ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔም እውነት መስሏት ነው ብዬ ዝም አልኩ። መዝገብሽ ላይ ሥራዋን በጊዜው አላስረከበችም ተብሎ ተጻፈ፤ አንቺ ጅዳ የሰው ቤት ስትጠርጊ እኔ ተመርቄ እዚሁ ደብረ ታቦር ተቀጠርኩ። አሁን ልማር ብለሽ ብትመጪ በዚያው ጽሑፍ እንደመለሱሽ ከጓደኛችን ከሩቅያ ሰማሁ።

ትናንት ሁሉን ጽፌ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለአቶ ፋንታው ሰጠኋቸው። አንብበው ሲያበቁ፣ «ይህን ከፈረምሽ ማስተማሩ ሊቀርብሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ፈረምኩ። የእኔን ነገር ገና ይወስናሉ፤ ያንቺ መዝገብ ግን ታርሞ ጥቅምት ላይ ትመዘገቢያለሽ ብለውኛል። የመመዝገቢያ ቅጹ ከዚህ ወረቀት ጋር አለ።

መብራት እንዳልጠፋ በምን ታውቂያለሽ ብለውም ጠይቀውኝ ነበር። በሐምዛ ወፍጮ፣ አልኳቸው፤ ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለው፣ በመብራት የሚሠራው፤ ያን ቀን ለአፍታም አልቆመም። ይህን ተናግሬ ደረጃውን ስወርድ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። በወፍጮው በኩል፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ። «ታገሺኝ» ስትይኝ እንኳ በድምፁ የተነሣ ጮኸሽ ነበር። ለደሳለኝም መብራት ነው ያልሽው፣ ወፍጮውን እየሰማሽ፣ እንደዚያው ጮኸሽ ነው።

አላህ ልፋትሽን ይቁጠርልሽ፣ እናትሽን ያቆይልሽ፣ የቀረውን መንገድሽን ያቅናልሽ። አብረን የተከራየናት ክፍል አሁንም አለች። ስትመጪ የምትዪኝን እሰማለሁ፤ ዝም ካልሽም እታገስሻለሁ።

የአክስትሽ ልጅ