ለሌለችው እህታችን የገዛሁት ማንበቢያ

ውድ ወንድሜ ዋልተር፣ አንተና ማርጆሪ እንደምን ከረማችሁ? የሃሊፋክስ ብርድ ጉልበትህን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ስዊፍት ከረንት በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። መኪናዬን ሸጥኳት፤ በእግር መሄድ ለጤና ይሻላል ብዬ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ አረጋውያን መኖሪያው ሄጄ መጽሐፍ እንደማነብላቸው ታውቃለህ። ባለፈው መስመሩ ሲጠፋብኝ ከራሴ እየፈጠርኩ ቀጠልኩ። የዘጠና አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ኢልዘ፣ "ሎርናዬ፣ ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ሞቶ ቀብረነው አልነበር እንዴ?" አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም "ገጽ ተሳስቼ ነው" ብዬ አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን እሳት ሆነ። እስከ ዛሬም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ያንን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ልጠይቅ ሱቅ ገባሁ። አንተ ስትገዛ በሰው ፊት የቀለድኩብህ እኔው ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ሻጯ ልጅ ፊደሉን እያጎላች፣ "እዚህ ጋ ይበቃል?" አለችኝ።

"ትንሽ ጨምሪው። ለእህቴ ስጦታ ነው" አልኳት። እህት እንደሌለኝ አንተ ታውቃለህ።

እስከ መጨረሻው አጎላችው። ገጹ ላይ ስድስት ቃል ብቻ ቀረ።

"እህትዎ ይሄን ማንበብ ይችላሉ?"

ሳላስበው ስድስቱንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ልጅቷም የስጦታ መጠቅለያውን ወደ ጎን አድርጋ ማንበቢያውን ሳትጠቀልል ሰጠችኝ።

ለማርጆሪ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጤናና ሰላም አይለያችሁ። መልስህን በደብዳቤ ከምትልክልኝ ግን ስልክ ደውልልኝ፤ ድምፅህ ናፍቆኛል።

እህትህ ሎርና