የጎረሰው ሽጉጥ

እሑድ፣ ጠዋት፣ ሮቫ አሌፍ ሰፈር፣ ሥራ ላይ
የምንከባከባቸውን አሮጊት፣ ሪቭካን፣ አጥቤ፣ ቁርስ አብልቼ፣ ወደ ፔሳሕ፣ ወደ ፋሲካው፣ ጽዳት። ማስታወሻዬ፣ ከቦይደሙ፣ ከጣሪያው ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ምን እንዳወረድኩ አታምኚም። ሽጉጥ! በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከባድ፣ የዛገ። የሟች ባላቸው የዘር ውርስ ነው፣ ከሮማኒያ የመጣ። ልጃቸው ዳኒ (ዛሬ ሽበታም ነው) በልጅነቱ ለፑሪም በዓል ወገቡ ላይ እየሻጠ ይጫወትበት ነበር አሉ። አሁን ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል። አጽጂልኝ አሉኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት
ሽጉጡ ዘይት ጠጥቶ አደረ። ከኋላ ያለው መቺ ብረት፣ እሳቸው ሲንቀሳቀስ አይተውት የማያውቁት፣ ተላቀቀ! ወደ ኋላ ስስበው ስድስት ጉድጓድ ያለው ክቡ ብረት አብሮ ይዞራል። ቀጭ። እንደ ሰዓት። ምን ዓይነት እጅ ነው የሠራው? ሪቭካ (ሪ.) አጨበጨቡ። ለአባባ ላሳይ ፎቶ አነሳሁ።

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ፣ ቤት
አባባ ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ፊታቸው ተለወጠ።
«ምላጩን ስበሽዋል?»
አልሳብኩም።
«እንዳትነኪው ልጄ። ይኼ ከኋላ የሚጎርስ አይደለም። ባሩዱም እርሳሱም ከፊት ነው የሚገባ።»
አያታቸው ቤት ከፊት የሚሞላ ጠመንጃ ነበር። ቁመህ ጠብቀኝ ይሉታል፤ አንዴ ተኩሰው እስኪሞሉት ድረስ ጠላት ቆሞ መጠበቅ አለበትና። እንደጎረሰ ተሰቅሎ ስንት ክረምት ያልፍ ነበር አሉ። ሽጉጡን የተውኩት ጠረጴዛ ላይ፣ ሪ. አጠገብ። ደወልኩላቸው፣ እንዳይነኩት። ቀጥሎ ፖሊስ።

ማክሰኞ
ፖሊስ ትናንት ወስዶት ነበር። ዛሬ የፖሊስ ፈንጂ አምካኟ፣ ወጣት ሴት፣ ራሷ መጥታ ያገኘችውን ነገረችን። ከስድስቱ ጉድጓዶች አምስቱ ሙሉ! ባሩድ፣ በላዩ ድቡልቡል እርሳስ። ከኋላ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል፤ መቺው ሲያርፍበት እሳት ይረጫል። አራቱ ቆቦች ወድቀዋል። አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ተጣብቆ ቀርቷል። እኔ የብረቱ አካል መስሎኝ በጨርቅ የወለወልኩት!
ከዚያ በፊት የነበረው መሣሪያ በባልጩት ነው የሚተኮሰው፤ ዝናብ ከመጣ አበቃ። ያቺ የጥፍር ታህል ቆብ ዝናብን አሸነፈች፤ ክቡ ብረት ደግሞ ሳያቋርጡ ስድስት ጊዜ ማስተኮስ ቻለ። ከዚያ የዛሬው ባለ ቀለህ ጥይት መጣና ሁሉንም አስረጀ። በአንድ ሰው ዕድሜ መጥቶ የሄደ ጥበብ።
ቪዲዮ አሳየችን። ከሽጉጡ የወጣ ቁንጥር ባሩድ ድንጋይ ላይ፣ ክብሪት። ቦግ! ከመቶ ዓመት በላይ ተኝቶ፣ ትናንት የተወቀጠ ይመስላል። ሪ. አለቀሱ። ዳኒ በዚያ ሽጉጥ በታናሽ ወንድሙ ላይ ያነጣጥር ነበር።

ረቡዕ
ዳኒ መጣ። ግድግዳው ቀረ፤ ሽጉጡ ለሙዚየም። ከዚያ አባትሽ ጋ ውሰጂኝ አለኝ። ሮቫ ዳሌት፣ እኛ ቤት፣ ወሰድኩት። ደረጃውን ወጥቶ አባባ ፊት ቆመ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። አባባም ግራ ገብቷቸው፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ አሉት።

ሐሙስ
እርሳሶቹን ፖሊስ መለሰልን። ሪ. መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። አንድ ሰው ሞልቷቸዋል፣ አንድ በአንድ፣ ሰው ሊገድልባቸው። ምን አስቆመው? ማን ተረፈ? የተረፉት ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው ይሆናል፤ ስንት ሕዝብ ነው አሉኝ።
ወሰንን፦ ነገ ሻባት፣ ሰንበት፣ ከመግባቱ በፊት ወደ ባሕሩ ዳርቻ። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እኔ እገፋለሁ፣ እሳቸው እርሳሶቹን ይወረውራሉ። ለአባባ ነገርኳቸው። ባሕሩ አጠገብ ደርሰው የማያውቁት አባባ ለነገው ጉዞ ጫማቸውን አስጠረጉኝ።